ከአልካላ ወደ ማድሪድ ውስጥ ለውስጥ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጥያቄው በፊት ግን የቅዳሜ ውሏችንን ላውጋችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አልካላ ዴ ኤናሬስ ሄድን። ከማድሪድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር በኤ-2 አውራ ጎዳና ስንቴ በአጠገቡ አልፌያለሁ። አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። በሮማውያን ዘመን እዚያው ኮምፕሉቱም የሚባል ከተማ ነበር። አሁን የያዘው ስም ከአረብኛ የመጣ ነው፤ ምሽግ ማለት ነው። ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1499 ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙበት። ኮሎምበስ ንግሥት ኢሳቤላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛት እዚህ ነው፣ ጥር 1486። የዶን ኪሆቴ ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1547 እዚህ ተወለደ። ዋናው ጎዳና ግራና ቀኙ በዓምድ የቆመ በረንዳ ነው፤ ዝናብ ቢመጣ ሳትበሰብሱ ትሄዳላችሁ። ማማው ሁሉ የሽመላ ጎጆ ተሸክሟል። ምንቃራቸውን ሲያጋጩ ጠጠጠ የሚለው ድምፅ ታች ድረስ ይሰማል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1836 ወደ ማድሪድ ተወሰደ። ሕንፃዎቹ ለግለሰብ ተሸጡ። መፍረስ ሲጀምሩ የከተማው ሰው ማኅበር መሠረተ፣ ልክ እንደኛ እድር ገንዘብ አዋጣና መልሶ ገዛቸው። ዩኒቨርሲቲው የተመለሰው በ1977 ነው። ያዋጡት ሰዎች አንዳቸውም ይህን ሳያዩ አልፈዋል። ልጅ ልጆቻቸው ግን ጠብቀው አቆዩት።

እዚያው ከተማ በአንድ ላይ የታተመ ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ዕብራይስጥ፣ አራማይክ፣ ግሪክና ላቲን። ትልቋ ልጄ የኛ ፊደልስ አለበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ከመውጣታችን በፊት ከሴቶች ገዳም በስኳር የተለበጠ አልሞንድ ገዛን። መነኮሳይያቱ አይታዩም። ግድግዳው ውስጥ የሚሽከረከር ክብ የእንጨት ሳጥን አለ። ደወሉን ደወልን። ከውስጥ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ ሰላምታ ሰጠን። ገንዘቡን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥን። እንጨቱ ሲጥ ሲጥ እያለ ዞረ። ሲመለስ ሞቅ ያለ የወረቀት ከረጢትና አንድ ዩሮ መልስ ይዞ መጣ። ትንሹ ልጄ እጁን ከሳጥኑ ላይ ለማንሳት እንቢ አለ፤ ማን እንደላከችለት ማየት ፈለገ።

ከዚያ በኤ-2 ሳይሆን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጠፍኩ። ስንዴ፣ ወይራ፣ ቀይ አፈር። ኑዌቮ ባስታን ደረስን። ሁዋን ዴ ጎዬኔቼ የሚባል ባለሀብት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለፋብሪካ ሠራተኞቹ ከባዶ ሜዳ ያሠራው መንደር ነው። ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለች ነጭ መንደር አለች። ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ፣ የምንጮች ኦልሜዳ። በ1564 የተወለደው ጀስዊቱ፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናዊው፣ ፔድሮ ፓኤዝ የዚች መንደር ልጅ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እኛ አገር የኖረ፣ አማርኛና ግዕዝ የተማረ። ከምንጭ መንደር ተነስቶ በ1618 የዓባይን ምንጭ ያገኘ ሰው። መኪናዬን አቁሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ከዚያ በታሁኛ ወንዝ ሸለቆ፣ በአምቢቴ፣ በካራባኛ፣ በሞራታ አድርገን ቺንቾን ላይ ቡና ጠጥተን ማድሪድ በመሸ ገባን። እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሐበሻ ሆኖ አልካላን አይቶ በኤ-2 የተመለሰ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የመጣው። ከእናንተ በዚህ መንገድ የሄደ አለ? ምን አያችሁ?

እስካሁን 18 መልስ ደርሶኛል። በኋላ ለሚገባ ሰው ረጅም ስለሆነ የተባለውን በየተራው ላስቀምጥ።

1. የመጀመሪያው ከባርሴሎና የሚኖር ወንድም ነው። አመሰገነኝ፣ ቤተሰቤን መረቀ። የሚቀጥለው ወር ማድሪድ ስለሚመጣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀ። ጠዋት ለከተማው፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለመንገዱ ያዝ አልኩት። ቸኩሎ ለሚሄድ አይሆንም።

2. ሁለተኛዋ እህት በመኪና መሄዱን አልወደደችውም። ከአቶቻ ጣቢያ በባቡር ከአርባ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መድረስ ይቻላል ትላለች፤ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ከመዞርም ያድናል። ለከተማው እውነቷን ነው። ለመንደሮቹ ግን አውቶቡሱ ጥቂት ነው፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ። ይህን ስነግራት ተስማማች።

3. ሦስተኛው ስለ ሆድ ነው የጻፈው። አልካላ ውስጥ መጠጥ ስታዝ የሚበላ አብሮ በነፃ ይመጣል፣ ብዙ ቤት ደግሞ ከዝርዝሩ አንተው ትመርጣለህ አለ። ተማሪ ሳለ ስንት ቀን ራቱን በዚህ እንዳለፈ በዝርዝር አወጋ። በጾም ቀን ምን ማዘዝ እንደሚቻል ሳይቀር ጻፈ። ደግ ልብ አለው።

4. አራተኛው አረመኝ፣ በጨዋ ደንብ። የመንደሯ ስም በፓኤዝ ዘመን የምንጮች ኦልሜዳ አልነበረም፤ ኦልሜዳ ዴ ላ ሴቦያ፣ የሽንኩርት ኦልሜዳ ነበር። ስሙ የተለወጠው በ1953 ነው። ስለዚህ ከምንጭ መንደር ተነስቶ ያልኩት ቆንጆ አነጋገር ቢሆንም ልክ አይደለም። ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር የሽንኩርቱ ስም ይበልጥ ወደድኩት። የገበሬ መንደር ልጅ መሆኑን ያሳያል።

5. አምስተኛዋ ቆጣ አለች። ያገኘ የሚለው ቃል ነው ያስቆጣት። ግሽ ዓባይ ላይ ሰው ሲኖርበት፣ ሲጠመቅበት፣ ሲሳልበት ኖሯል፤ ታዲያ ፈረንጅ ሲመጣ ነው የተገኘው? ይህንን ቋንቋ እኛ ራሳችን ከደገምነው ማን ሊያርመው ነው አለች። ልክ ናት። የጻፍኩትን አላጠፋሁትም፣ ስህተቴ እንዲታይ ተውኩት። እርማቴ ግን ይህ ነው፦ ፓኤዝ ከንጉሡና ከሠራዊቱ ጋር ሄዶ አየው፣ ያየውንም ጻፈው። ከእሱ በኋላ በ1770 የመጣው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ፓኤዝ አልደረሰበትም ብሎ ሊክድ ሞከረ። ሁለት እንግዶች በሰው ቤት ማን ቀደመ ብለው መጣላታቸው ነው።

6. ከዚህ በኋላ ውይይቱ ሞቀ። ስድስተኛው ከቫሌንሲያ የሚጽፍ ሰው ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መሆኑን ተናገረ። ደጅ ላይ ቆመህ ዝም ያልክለት ሰው ንጉሡን ከተዋሕዶ እምነቱ ያስወጣ ነው አለኝ። በዚያ ሰበብ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሳ፣ በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። ለሞቱት ሳታዝን ለገዳያቸው አስተማሪ አዘንክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቃሉ ከባድ ነበር። ወዲያው አልመለስኩም።

7. ከእኔ በፊት የመለሰችው ታሪክ የምታጠና ልጅ ናት፤ ሳላማንካ ትማራለች መሰለኝ። ጊዜውን በቅደም ተከተል አስቀመጠችው። ፓኤዝ ኢትዮጵያ ለመግባት በ1589 ሲነሳ መንገድ ላይ ተማርኮ ሰባት ዓመት የመን ታሰረ። በምጽዋ በኩል የገባው በ1603 ነው። የሞተው በ1622፣ ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ ባወጀበት ሰሞን። ሕዝቡን ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ ያለው ከፓኤዝ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ነው። አመፁ የባሰውም ያኔ ነው። ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሰ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲለደስም ጀስዊቶቹን አባረረ። ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው ባይ ናት።

8. ስድስተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ዓመተ ምሕረቱን አልካደም። ሜንዴዝ የጨረሰው ፓኤዝ የጀመረውን ነው አለ። በለስላሳ እጅ የተከፈተ በር በኃይል የሚገባንም ያስገባል። ልጅቷን ስፔን ተምረሽ የስፔንን አፍ ይዘሽ መጣሽ ማለቱ ግን አላስፈላጊ ነበር። ክርክሩ ያለ እሱ በቂ ጉልበት ነበረው።

9. አወያዩ ገባ። ሰው ላይ ያነጣጠረችውን አንዷን ዓረፍተ ነገር አነሳት፣ ሌላውን እንዳለ ተወው። የሃይማኖት ክርክሩ በሌላ የውይይት ክር እንዲቀጥል፣ እዚህ ስለ መንገዱ እንድናወራ ጠየቀ። እኔም ያኔ ለስድስተኛው ጻፍኩለት። ለሞቱት አዝናለሁ። ዝም ያልኩት ለማድነቅ አልነበረም። ያገሬን ታሪክ ያን ያህል ያናወጠ ሰው ይህችን ከምታህል መንደር መውጣቱ ነው አፌን ያስያዘኝ። ያ መንገድ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ያስነሳል፤ በኤ-2 ብመለስ ኖሮ አንዳችንም ይህን አንነጋገርም ነበር። ስድስተኛው ሰው ይህን ካነበበ በኋላ ምልክት ብቻ አስቀምጦ አለፈ፣ የታጠፉ ሁለት እጆች።

10. ነገሩ በረድ አለ። አንዲት እናት ስለ ሽመሎቹ ጻፉ። ልጅ ሆነው ጣና ዳር ያዩ ነበር፤ የአልካላዎቹ ክረምቱን እኛ አገር ከርመው የሚመጡ ናቸው ብለው ለልጅ ልጃቸው እንደነገሩት አጫወቱን።

11. አንድ ወጣት በትህትና አረማቸው። የስፔን ሽመላ በጂብራልታር ተሻግሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚወርደው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚመጡት በቦስፎረስ በኩል የሚዞሩት የምሥራቅ አውሮፓዎቹ ናቸው። አሁን አሁን ደግሞ ብዙዎቹ ክረምቱን እዚሁ ስፔን ያሳልፋሉ አለ። እናታችን አልተከፉም። ለልጅ ልጃቸው የሽመሎቹ የአጎት ልጆች ናቸው እዚያ የሚወርዱት ብለው ሊያስተካክሉለት ነው።

12. የልጄን ጥያቄ የመለሰልኝ ዲያቆን ነው። የእሱን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአልካላው መጽሐፍ ቅዱስ ስድስት ጥራዝ ነው፤ ከ1514 እስከ 1517 ታተመ። ግዕዝ የለበትም። ግን ግዕዝ ቀድሞታል አለ! ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ሮም ካሉት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 በግዕዝ አሳተመ። የአልካላው የመጀመሪያ ጥራዝ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግዕዝ ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሌሎቹ ጎን የተሰለፈው ደግሞ ለንደን ላይ ታትሞ በ1657 ባለቀው ነው። ለልጄ ስነግራት ፊቷ በራ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዳ ለአስተማሪዋ እነግራለሁ አለች።

13. ከዚህ ወዲያ ጨዋታው ወደ መኪና ዞረ። አንዱ እዚያው ሸለቆ ውስጥ የደረሰበትን ጻፈ። በካርታው አጭር መስሎ የታየው መንገድ ወደ ጠጠር መንገድ አወጣው፣ ጎማው ተቀደደ፣ ስልኩም ኔትወርክ አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትራክተር ደርሰው አብረውት ጎማ ቀየሩ፤ ገንዘብ ሲሰጣቸው ተቆጡ። መኪና አከራዩ ግን መድኑ ጎማ አይሸፍንም ብሎ ከማስያዣው ቆርጦ አስቀረ። ሙሉ መድን ሲባል ጎማና መስታወት ይጨምር እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ ይላል። እኔ የምጨምረው፣ አስፋልት ያልሆነ መንገድ ካርታው ቢመርጥላችሁም አትግቡ።

14. አጭር መልስ ነው፣ ግን ጠቃሚ። በገጠር መንገድ የፍጥነት ገደቡ ከ2019 ጀምሮ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ነው። መንደር ውስጥ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ካለ 30። ያ ሸለቆ ቅዳሜ ብስክሌተኛ ይበዛበታል፤ ስታልፏቸው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ። ታክሲ ነጂ ነው የጻፈው።

15. ቺንቾንን የሚወድ ሰው መጣ። አደባባዩን 234 የእንጨት ሰገነት ከቦታል፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ። በሬም እዚያው መሐል ይፋለሙበታል። የከተማውን የአኒስ አረቄ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፦ ክኒን የሚለው ቃላችን ከቺንቾን የመጣ ነው። የቺንቾን ኮንቴሳ፣ የባላባቱ ሚስት፣ ፔሩ ሳለች ወባ ይዟት በዛፍ ልጥ ስለዳነች ነው አለ።

16. አስራ ስድስተኛዋ ነርስ ናት፤ በሁለቱም ላይ ያዘችው። ስለ ኮንቴሳዋ የሚወራው አፈ ታሪክ ነው። ሊኔየስ በ1742 ዛፉን በስሟ ሲንኮና አለው፣ ያውም አንድ ፊደል ገድፎ። ክኒን ግን ከኪኒኖ ነው፣ ጣልያንኛ፤ እሱም የዛፍ ልጥ ከሚለው ከፔሩ ሕዝቦች ቃል የወጣ። ወባ የሚያስጨንቃትን አገር ስለምናውቅ ቃሉን በትክክል እንያዝ አለች። አረቄው ላይ ግን ጠንከር ብላ ተናገረች። ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ የሚነዳን ሰው አረቄ ቅመስ ማለት ወንጀል ነው፤ በድንገተኛ ክፍል የሚመጡትን የምቀበለው እኔ ነኝ። አስራ አምስተኛው ይቅርታ ጠየቀ። ጠርሙሱን ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ጠጡ ብሎ አስተካከለ። ከሁሉ መልስ ይህ ነው ሕይወት የሚያድነው።

17. ይህን መልስ አልጠበቅሁትም። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ጋሼ ናቸው። ሞራታን ስታልፍ አልቆምክም ወይ አሉኝ። እዚያ አጠገብ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በየካቲት 1937፣ የሐራማ ውጊያ ተደርጓል። ከአሜሪካ የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ የሊንከን ሻለቃ የሚባሉት፣ እዚያ ኮረብታ ላይ ብዙ ሰው አጡ። ከመሐላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ መዝመት የፈለጉት ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ሳይሆንላቸው ሲቀር፣ ሙሶሊኒ ወታደር ወደ ስፔንም ስለላከ፣ እዚህ ልንገጥመው እንችላለን ብለው መጡ። ኦሊቨር ሎው የሚባለው በ1935 ቺካጎ ላይ ኢትዮጵያን አትንኩ በሚል ሰልፍ ሲናገር ታሰረ። ከሐራማ በኋላ የሻለቃው አዛዥ ሆነ፣ ነጩንም ጥቁሩንም አዘዘ። በሐምሌ 1937 ብሩኔቴ ላይ ወደቀ። ጋሼ ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ በስሜ አንድ አበባ አስቀምጥልኝ አሉ።

እኔ ሞራታን ያለፍኩት የልጆቼን ጭቅጭቅ እየገላገልኩ ነበር። የወይራ ዛፍ ነው የማስታውሰው። አበባውን እወስዳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

18. የመጨረሻው ሦስት መስመር ነው። ማድሪድ ውስጥ ቫዬካስ ሰፈር የሚኖር ልጅ ነው፣ ከመጣ ገና አንድ ዓመቱ። የሰከላ ልጅ ነኝ አለ። ግሽ ዓባይ ከቤታቸው በእግር የሚደረስበት ነው። ቁርስ ሳይቀምሱ ነበር ከእናቱ ጋር ወደ ጠበሉ የሚወርዱት፤ የበላ ሰው አይጠጋውም። ያ ፓኤዝ የሚባለው ሰው ከየት እንደመጣ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። መኪና የለኝም፣ ዳግም ስትሄድ ቦታ ይኖርሃል ወይ ብሎ ጠየቀ።

አንድ ወንበር አለኝ። ቅዳሜ በሐበሻ ሦስት ሰዓት፣ በሜትሮው መውጫ እወስድሃለሁ አልኩት። መጀመሪያ ሞራታ እንቆማለን።